አስተውሎ ማየት በውዝዋዜ ትምህርት፦ ከሕንድ ጥንታዊ ውዝዋዜ እስከ ማኅሌትና እስከ ከዚራ ሰርግ ቤት

ውዝዋዜ የሚማር ሰው በቅድሚያ የሚያሠለጥነው የትኛውን የአካል ክፍሉን ነው ቢባል ብዙ ሰው እግርን፣ ትከሻን ወይም ወገብን ይጠራል። ረጅም ዕድሜ ያላቸው የውዝዋዜ ትውፊቶች ግን በየአገሩ የሚነሡት ከዐይን ነው፤ ተማሪው መምህሩን የሚያይበት ጊዜ፣ የሚቆምበት ቦታና የሚያስተውልበት ቅደም ተከተል በእነርሱ ዘንድ ለአጋጣሚ የተተወ አይደለም። ይህ ዳሰሳ ጥንቁቅ ምልከታ፣ ማለትም አንድን እንቅስቃሴ ከአነሣሡ፣ ከመንገዱና ከማረፊያው ጋር ለይቶ የማየት ችሎታ፣ በውዝዋዜ ትምህርት ውስጥ ያለውን ድርሻ በሦስት መስኮች ይመረምራል፤ እነርሱም የሕንድ ጥንታዊ ውዝዋዜ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርት፣ እንዲሁም በድሬዳዋና በዙሪያዋ የሚኖሩ ሕዝቦች በሰርግና በበዓል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፉት ጭፈራ ናቸው። የዳሰሳው ዋና ሐሳብ ምልከታ ከልምምድ በፊት የሚመጣ ዝግጅት ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ የሚሰጥ፣ የሚታረምና የሚያድግ ትምህርት ነው የሚል ሲሆን፣ ይህን የተረዱ ትውፊቶች ሳይደበዝዙ ሲቆዩ ያልተረዱት ግን ቅርጹን ይዘው ውስጡን እንደሚያጡ ለማሳየት ይሞክራል።

ከዚራ እንደ መነሻ

የድሬዳዋው ሰፈር ከዚራ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ መነሻ የሆነው በሰፈሩ አመሠራረትና በነዋሪዎቹ ስብጥር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ወደ ሥፍራው በደረሰ ጊዜ ድሬዳዋ በከተማነት ተቆረቆረች፤ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተተከለው ከዚራም በቀጥተኛ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ ጥላ የሚታወቅ ሰፈር ሆነ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ ሰፋ። ባቡሩ የፈረንሳይ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የዓረብና የሕንድ ሰዎችን ወደ ከተማዋ ሲያመጣ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው በአንድ ገበያና በአንድ ጎዳና ተገናኘ። ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎች፣ በተለይም መሐመድ አሊ በመባል የሚታወቀው የንግድ ድርጅት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በሐረርጌ ንግድ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ነበራቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ ያደገ ልጅ ማንም ሳያስተምረው የብዙ ሕዝብ ጭፈራ ያያል፤ በአንድ ወቅት የኦሮሞው ሸጎዬ፣ በሌላው የሶማሌው ዳንቶ፣ በሌላው ደግሞ እስክስታ የሚጨፈርበት ሰርግ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። ማየት የበዛበት ቦታ ሁሉ ግን ማስተዋል የበዛበት ነው ማለት አይደለም፤ ዳሰሳው የሚያተኩረውም በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

የሕንድ ውዝዋዜ በኢትዮጵያ ተመልካች ዘንድ በአብዛኛው የታወቀው በፊልም በኩል ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ሲኒማ ቤቶች የሕንድ ፊልም ለብዙ ዓመታት ታማኝ ተመልካች ነበረው፤ ከፊልሙ ያየውን እንቅስቃሴ በሰፈር የሚደግም ወጣትም አልታጣም። በፊልም የሚታየው ውዝዋዜ ግን ከጥንታዊው ጋር አንድ አይደለም፤ እንደ ቫይጃያንቲማላና ሄማ ማሊኒ ያሉ ዝነኛ ተዋንያን በባራታናትያም የሠለጠኑ ቢሆኑም፣ ፊልሙ ከዚያ ሥልጠና የሚያሳየው የተቆራረጠ ክፍል ነው። ካሜራው ፊትን ሲያሳይ እግር ይሰወራል፣ እግርን ሲያሳይ እጅ ይቀራል፤ ምን መታየት እንዳለበት የሚመርጠው አዘጋጁ እንጂ ተመልካቹ አይደለም። ስለዚህ ከፊልም የሚማር ሰው ቅርጽ ይወስዳል፤ ቅርጾቹን የሚያያይዘው ሕግ ግን ያመልጠዋል።

በሕንድ ትውፊት የዐይን ሥልጠና

በሕንድ ብሔራዊው የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የድራማ አካዳሚ እንደ ጥንታዊ የሚቀበላቸው ውዝዋዜዎች ስምንት ናቸው፤ እነዚህም ባራታናትያም፣ ካታክ፣ ካታካሊ፣ ኩቺፑዲ፣ ኦዲሲ፣ ማኒፑሪ፣ ሞሂኒያታምና ሳትሪያ ናቸው። በአገሩና በአለባበሱ ቢለያዩም ብዙዎቹ መሠረታቸውን ናትያሻስትራ ወደሚባለው፣ በባራታ ስም ወደሚጠራውና ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ወደተጀመረው የትወናና የውዝዋዜ ድርሳን ይመልሳሉ። ከእርሱ በኋላ የተጻፈው አቢናያ ዳርፓና፣ ስለ አካላዊ አገላለጽ የሚያስተምረው አነስተኛ መጽሐፍ፣ በአንድ እጅ የሚሠሩ 28 ምልክቶችን፣ ዘጠኝ የራስ፣ አራት የአንገትና ስምንት የዐይን እንቅስቃሴዎችን በስም ለይቶ ይዘረዝራል። ይህ ዝርዝር ለተማሪው የሚሸመደድ ብቻ አይደለም፤ ለዐይኑ ማጣሪያ ነው። ስም የተሰጠውን ነገር ዐይን በቀላሉ ይለየዋል፤ ስም ያልተሰጠው ግን በአጠቃላዩ ውበት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

በባራታናትያም የመጀመሪያው ትምህርት አዳቩ የሚባሉትን መሠረታዊ የእርምጃና የእጅ ቅንብሮች መያዝ ነው። መምህሩ ወለል ላይ ተቀምጦ በእንጨት ዘንግ ጣውላ እየመታ ምቱን ይቆጥራል፤ ተማሪው ጉልበቱን ወደ ጎንና ጎን ከፍቶ በግማሽ ቁጭታ፣ አራማንዲ በሚባለው አቋም፣ ይቆማል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው በዚህ ቀላል በሚመስል አቋም ውስጥ ቢያንስ አራት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ተረከዞቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ፣ ጉልበቶቹ በእግር ጣቶች አቅጣጫ መከፈታቸው፣ ጀርባው ሳይጎብጥ መቅረቱና ክርኖቹ እጅ በተዘረጋ ጊዜ ወደ ታች አለመውደቃቸው። ጀማሪ ተማሪ በአብዛኛው የሚያየው የጣቶችን ጌጥ ነው፤ የሠለጠነ ዐይን ግን መጀመሪያ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ያያል፤ የእጁ ውበት የሚቆመው በዚያ ላይ ነውና።

በኬረላ ግዛት የሚገኘው ካታካሊ የተሰኘው የውዝዋዜ ድራማ የዐይንን ሥልጠና ከሁሉም በላይ ያራቀቀ ነው ማለት ይቻላል። ባለቅኔው ቫላቶል ናራያና ሜነን እ.ኤ.አ. በ1930 በመሠረተው ኬረላ ካላማንዳላም ተማሪዎች ከንጋት በፊት ተነሥተው ዐይንን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎንና በክብ ያንቀሳቅሳሉ፤ ዐይናቸው እንዲለሰልስም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። የዚህ ልምምድ ቀጥተኛ ዓላማ ዐይን እንዲናገር ማድረግ ቢሆንም ሌላም ፍሬ አለው፤ የገዛ ዐይኑን እንቅስቃሴ በጥቂት በጥቂቱ መቆጣጠር የተማረ ሰው የመምህሩን ዐይን ረቂቅ እንቅስቃሴም ማንበብ ይችላል።

የሕንድ ተሞክሮ የምልከታን ገደብም ያሳያል። ናትያሻስትራ ካራና ብሎ የሚጠራቸው የእጅና የእግር ጥምር እንቅስቃሴዎች 108 ሲሆኑ፣ በቺዳምባራም ቤተ መቅደስ የበር ማማዎች ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ይገኛሉ። ካራና እንቅስቃሴ ነው፤ ቅርጹ ግን አንድ ቅጽበት ብቻ ነው። ድንጋዩ እንቅስቃሴው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም፤ በዚህም ምክንያት ተወዛዋዥና ተመራማሪ የሆኑት ፓድማ ሱብራማንያም ካራናዎቹን መልሰው ለመገንባት ሲሠሩ ድርሳኑን፣ ቅርጹንና የሠለጠነ አካላቸውን አንድ ላይ ማስተያየት ነበረባቸው። ኦዲሲም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዛሬ የሚታየውን መልክ የያዘው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጾች፣ ማሃሪ የተባሉት የቤተ መቅደስ ሴት ተወዛዋዦችና ጎቲፑዋ የተባሉት ወንዶች ልጆች ያቆዩት እንቅስቃሴ ተገናዝቦ ተጠና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምስል ብቻውን መምህር አይሆንም፣ ምስልን የሚያነብ ሰውነት ያስፈልገዋል።

የማስተማሪያው ቦታ ሲቀየር ምልከታውም ይቀየራል። በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው ከጉሩው፣ ማለትም ከመምህሩ፣ ጋር በቅርበት እየኖረ የሌሎችን ትምህርት ጭምር ያይ ነበር፤ ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል እ.ኤ.አ. በ1936 በማድራስ ካላክሼትራን ከመሠረቱ ወዲህ ግን ባራታናትያም በሰዓት የተከፋፈለ የትምህርት ቤት መርሐ ግብር አገኘ። ይህ ለውጥ ውዝዋዜውን ለብዙ ሰው ከፈተ፤ በዚያው ልክ ተማሪው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ዝም ብሎ የሚያይበትን ረጅም ጊዜ አሳጠረ።

አቋቋም፦ ፊት ለፊት የመማር ሥርዓት

ለሕንዱ ሥርዓት በኢትዮጵያ የቅርብ አቻ ፈልጎ ለሚመረምር ሰው የቤተ ክርስቲያኗ የአቋቋም ትምህርት ቀድሞ ይገኛል። አቋቋም ዜማን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽል፣ ከከበሮና ከሥርዓት ካለው የአካል እንቅስቃሴ ጋር የሚያዋህድ ትምህርት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗ እንቅስቃሴውን ሽብሸባ እንጂ ጭፈራ አትለውም፤ ምስጋና ነውና። መሠረቱ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ትውፊቱም በምልከታ ላይ ያለው አቋም አስገራሚ ነው። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ በሸሸ ጊዜ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ አንድ ትል ዛፉ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲሳካለት አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል። ከዚያም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ከማየቱ የተነሣ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ እንደተከለ፣ ሁለቱም እንዳልታወቃቸው ይተረካል። በአንዱ ትረካ ማየት የትምህርት መነሻ ነው፤ በሌላው የዜማው ኃይል የሚለካው በተመልካቹ ተመስጦ ነው።

የአቋቋም ትምህርት በደረጃ የተዋቀረ ነው። ቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ዝማሜ በመቋሚያ እንቅስቃሴ ይታጀባል፤ መረግድ ከበሮና ጸናጽል ይጨምራል፤ ጽፋት ደግሞ በፈጠነ ምትና በጭብጨባ ይደምቃል። ይህ አሠራር ለምልከታ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው፤ ተማሪው ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲያይ አይገደድም፣ መጀመሪያ ድምፁን ይይዛል፣ ቀጥሎ የመቋሚያውን መንገድ፣ በመጨረሻም የእጅና የእግርን ኅብረት ያስተውላል። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የየወገናቸውን ያስተባብራሉ፣ መሪጌታው ይመራል። ይህ አቀማመጥ ከሥርዓትነቱ ባሻገር የማስተማሪያ መሣሪያም ነው፤ በአንዱ ወገን የቆመ ጀማሪ በማዶ ያሉትን ሊቃውንት ሙሉ አካል ያለ መጋረጃ ያያል፤ መቋሚያው ሲነሣ፣ ወደ ጎን ሲዘምም፣ መሬት ሲነካ የሚያልፍበትን መንገድ ከራሱ ወገን እንቅስቃሴ ጋር ያስተያያል።

የዜማ ምልክቶችን ያበጁት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥና ርክርክ የተባሉት እነዚህ ምልክቶች የሚመሩት በዋናነት ድምፅን ነው፤ የወገብ ዝንባሌን፣ የመቋሚያን ክብደትና የእርምጃን ልስላሴ ግን ተማሪው በብዛት የሚቀበለው ከየኔታ አካል በዐይኑ ነው። በዚህም ምክንያት የጎንደር በዓታ አቋቋምና በደብረ ታቦር የሚታወቀው ተክሌ አቋቋም በአንድ ዜማ ላይ ቆመው በእንቅስቃሴያቸው ሊለዩ ችለዋል። የተክሌ አቋቋም አመጣጥ ራሱ ስለ ምልከታ የሚናገር ትውፊት አለው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በጣና ዳርቻ ሸምበቆ በነፋስና በማዕበል ሲወዛወዝ ተመልክተው እንቅስቃሴውን ለዝማሜ እንዳዋሉት፣ ልጃቸው ተክሌም ተምሮ እንዳስፋፋው ይነገራል። ሊቁ ከሸምበቆው የወሰዱት መልክን ሳይሆን ጠባይን ነው፤ ሥሩ ሳይነቀል ጫፉ የሚዘምበትን መንገድ። ጥንቁቅ ምልከታ ከተራ ቅጂ የሚለየውም በዚህ ነው።

የድሬዳዋ አካባቢ ምእመናን ይህን ሥርዓት በየደብራቸው በዓመታዊ ክብረ በዓላት ያያሉ፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብም ከፊሉ በድሬዳዋ በኩል ያልፋል። በእነዚህ በዓላት የሚታየው ወረብ ለተሳላሚው በረከት ነው፤ ለአቋቋም ተማሪ ደግሞ ከጉባኤ ቤቱ ውጭ የሚያገኘው ትልቅ የማስተዋያ መድረክ ነው።

ሸጎዬ፣ ዳንቶና እስክስታ፦ ያለ መምህር የሚማር ዐይን

በሕዝብ ጭፈራ ውስጥ የተመዘገበ ደረጃ ወይም የተሾመ መምህር የለም፤ ይህ ማለት ግን ሥርዓት የለም ማለት አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ የሚጨፈረው ሸጎዬ ወጣቶች ፊት ለፊት ተያይተው በአንገትና በራስ ንቅናቄ የሚመላለሱበት ነው፤ እንደ ማኅሌቱ ሁሉ እዚህም ፊት ለፊት መቆም ተመልካችን ከተሳታፊ አይለይም፤ ከፊቱ ያለውን ያላስተዋለ ሰው ምላሹን ያሳስታል። በሶማሌ ዳንቶ እርምጃው የግመል አካሄድን ይከተላል ይባላል፤ እግርና ትከሻ በአንድ ሰፊ ምት የሚጓዙበት በመሆኑ ልጅ ከኋላ ሆኖ ሰልፉን እየተከተለ ይለምደዋል። በእስክስታ ደግሞ ተመልካቹ የሚያየው ትከሻን ነው፤ የትከሻው ኃይል ግን ከደረት፣ ከአንገትና ከትንፋሽ ተነጥሎ አይሠራም። ትከሻን ብቻ እያየ የሚለማመድ ሰው ቶሎ የሚደክመውና እንቅስቃሴው የሚደርቅበት ትንፋሹን ስላላየ ነው።

እነዚህን ጭፈራዎች በጥንቃቄ ማየት የምርምር ሥራም ሆኖ ቆይቷል። የሀንጋሪ ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ሙዚቃና ውዝዋዜ አጥንተዋል፤ ቲቦር ቫዳሺም ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ውዝዋዜ የጻፋቸው ተከታታይ ጥናቶች ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታትመዋል። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ለተመራማሪ የሚጠቅሙትን ያህል ለአስተማሪ ጥቅም ላይ አለመዋላቸው የሚያስቆጭ ነው።

የመድረኩ መምጣትም የምልከታን ሥርዓት ለውጧል። የሀገር ፍቅር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ከተመሠረተና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት በ1955 ከተከፈተ ወዲህ ባህላዊ ውዝዋዜ ከሰርግ ግቢ ወደ መድረክ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማእከል የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የተለያዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ በአንድነት አቀረበ። መድረክ ክብርና እንጀራ ሰጥቷል፤ ሆኖም ፊት ለፊት የሚያያዩትን ረድፎች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ተመልካቹ፣ አዞረ። በልምምድ ክፍልም ተማሪው በብዛት የሚያየው የአሠልጣኙን ጀርባ ወይም በመስተዋት ውስጥ የተገለበጠውን ምስል ነው፤ አጨፋፈሩ የሚጠይቀው የዐይን ምላሽና የጨዋታ ስሜት በዚህ መንገድ ይሳሳል።

ጥናቶች ምን ይላሉ

ሥነ ልቦናዊ ጥናት በማየት ስለ መማር የሰጠው መልስ ከትውፊቶቹ ልምድ ጋር በብዙ ይስማማል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 በሰፊው ባብራራው የማኅበራዊ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከሌላ ሰው በማየት መማር አራት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም ልብ ብሎ መከታተል፣ ያዩትን በአእምሮ መያዝ፣ በአካል መድገም መቻልና ለመድገም መነሣሣት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በጣሊያን ፓርማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዝንጀሮ አእምሮ ውስጥ እንስሳው አንድን ድርጊት ራሱ ሲያደርግም ሆነ ሌላው ሲያደርገው ሲያይ የሚነቁ የነርቭ ሕዋሳትን አገኙ። ቢያትሪዝ ካልቮ-ሜሪኖና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የባሌ ተወዛዋዦችና ካፖይራ የሚባለው የብራዚል ጥበብ ባለሙያዎች ራሳቸው የሠለጠኑበትን እንቅስቃሴ ሲያዩ ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ የአእምሮ ክፍሎቻቸው ይበልጥ እንደሚነቁ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት የቀረበው ጥናታቸው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ወንድና ሴት የባሌ ተወዛዋዦች አብረው ስለሚሠለጥኑ የሁለቱንም ፆታ እንቅስቃሴ እኩል ያያሉ፣ ሆኖም የላቀው ምላሽ የታየው ራሳቸው የሚሠሩትን ሲያዩ ነበር።

የዚህ ትርጉም ለመምህር ትልቅ ነው። ደጋግሞ ማየት ብቻውን አያደርስም፤ ያላየ ሰው በትክክል እንደማይሠራ ሁሉ ያልሠራም ሰው በትክክል አያይም። ስለዚህ ማየትና መሥራት ተከታታይ ምዕራፎች ሳይሆኑ እየተመላለሱ የሚጠራሩ ሥራዎች ናቸው፤ ተማሪው ያያል፣ ይሞክራል፣ ሞክሮ ያቃተውን ይዞ ተመልሶ ያያል፣ ያኔ ቀድሞ ያልታየው ይታየዋል። የአቋቋም ተማሪ በጉባኤ ቤት ተምሮ በማኅሌት የሚቆመው፣ የካታካሊ ተማሪም ጠዋት ሠልጥኖ ማታ ታላላቆቹን የሚመለከተው በዚህ ምልልስ ውስጥ ነው።

የዘመኑ ፈተና የእጅ ስልክ ነው። በስልክ የተቀረጸ ውዝዋዜ ሊቆም፣ ሊዘገይና ሊደገም ስለሚችል ለጥንቁቅ ምልከታ ታላቅ ዕድል ይሰጣል፤ በሩቅ ያለን መምህርም ያቀርባል። ሆኖም አጭር ቪዲዮ ላይ ጊዜውን የሚያሳልፍ ተማሪ የመነሻውንና የማረፊያውን ትዕግሥት ሳያይ ድምቀቱን ብቻ ይሰበስባል፤ ካሜራውም አያርመውም። መምህር ያስፈለገው ለማሳየት ብቻ ሳይሆን ተማሪውን መልሶ ለማየት ነው።

ማጠቃለያ

ከተዳሰሱት ሦስት መስኮች የሚገኘው ብይን ይህ ነው፦ የሕንዱ ጥንታዊ ውዝዋዜና የቤተ ክርስቲያናችን አቋቋም ዐይንን በሥርዓት በማሠልጠናቸው ረቂቁን ከትውልድ ወደ ትውልድ አድርሰዋል፤ የሕዝብ ጭፈራችን ግን ለዘመናት በኑሮ ውስጥ ያገኘውን ምልከታ ኑሮው ሲለወጥ እያጣ ነው፣ በምትኩም ሌላ የማስተዋያ ሥርዓት አልተበጀለትም። ጉድለቱ የተሰጥኦ አይደለም፤ የአስተማመር ነው፤ ስለዚህም ሊታረም ይችላል።

በድሬዳዋም ሆነ በሌላ ቦታ ውዝዋዜ የሚያስተምሩ ሁሉ ከልምምድ በፊት ለማየት የተመደበ ጊዜ ቢሰጡ፣ ተማሪው መጀመሪያ ክብደቱን፣ ቀጥሎ ወገብና ደረትን፣ በመጨረሻ እጅንና ዐይንን እንዲያስተውል ቢመሩት፣ ያየውንም በቃል እንዲያስረዳ ቢጠይቁት፣ ረድፎችንም ከመስተዋቱ አዙረው ፊት ለፊት ቢያቆሙ፣ ወጪ የማይጠይቅ ለውጥ ያመጣሉ። ሸጎዬንና ዳንቶን ከልጅነታቸው ጀምረው የኖሩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉም ጭፈራቸው ሙሉ አካላቸው እየታየ፣ ሳይቆራረጥ፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ይቀረጽ፤ ከዚያም በላይ ወጣቶች በፊታቸው ቆመው ይዩአቸው፣ አረጋውያኑም ወጣቶቹን አይተው ያርሟቸው። ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።